ጋሽ ኪሮስ እና የባንዲራው ገመድ

ጋሽ ኪሮስ ማረፋቸውን የነገረኝ ርዕሰ መምህራችን ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ሳለ። "ከጋዝጊብላ ደውለው ነበር" አለና በሩን ይዞ ቆመ። "ጋሽ ኪሮስ ትናንት አርፈዋል። ዛሬ ጧት ተቀብረዋል።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። "ነፍስ ይማር" አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ነገር ግን ያ ቃል ከአፌ ሳይደርቅ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። "እንግዲህ ገመዱ የእኔ ብቻ ሆነ" አልኩ በሆዴ። ሰውየው አፈር ከለበሱ ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላቸውም። ይህን መደበቅ እችል ነበር፤ ግን ስለ እሳቸው ከጻፍኩ አይቀር እንደነበረው ልጻፈው ብዬ ነው። የምታነቡት የወዳጅ ጽሑፍ አይደለም። እኔ በጋሽ ኪሮስ ስቀና የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጋሽ ኪሮስ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሰቆጣ ከተማ ዳር፣ ነፋስ የማያጣው ጉብታ ላይ ነው። ጧት በሩን ይከፍታሉ፣ ደወል ይደውላሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ማታ ባንዲራ ያወርዳሉ፣ በሩን ይዘጋሉ። ሥራቸው ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ምክትል ርዕሰ መምህርና የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ። ዲግሪ አለኝ። የሰንደቅ ዓላማውን አዋጅ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ በቃሌ እወጣዋለሁ። ታዲያ አንድ ተማሪ ስለ ባንዲራ መጠየቅ ሲፈልግ ወደ እኔ ቢሮ አይመጣም። ወደ በሩ ነው የሚሄደው፣ ወደ ዘበኛው።

አጭር ነበሩ። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ በጉብዝናቸው ጊዜ ከበቅሎ ወድቀው ነው ይባላል። የዘበኛ ካፖርታቸውን በጋ ከክረምት እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ልጅ ሳሉ በትውልድ ቀያቸው በጋዝጊብላ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዲቁና ተቀብለው ነበር። በኋላ ኑሮ ወደ ሌላ መራቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ግን ከእጃቸው አልወጣም። ባንዲራ ከመንካታቸው በፊት ከጀሪካን ውሃ ቀድተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ከምሰሶው ሥር ያለችው የሲሚንቶ መቆሚያ ላይ ሲወጡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ውርጭ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን ያወልቃሉ።

እኔ ወደ ሰቆጣ የተዛወርኩት ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ ነው። እዚያ ቆላ ነው፤ ባንዲራው አብዛኛውን ቀን ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይውላል፣ የሚያየውም የለም። እዚህ መጥቼ በመጀመሪያው ሳምንት ዘበኛው ለባንዲራ ጫማ ሲያወልቁ ሳይ ሳቄ መጣ።

"ጋሽ ኪሮስ፣ ይኼ እኮ በአዋጁ የለም" አልኳቸው፣ ተማሪው ተሰልፎ እየሰማ።

"የቱ?"

"ጫማ ማውለቁ።"

"አዋጁ አታውልቅ ይላል?"

"እሱንስ አይልም።"

"እንግዲያማ ተወኝ፣ መምህር።"

ከሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። እሳቸው አልሳቁም፤ ለማሸነፍም አልነበረም የመለሱልኝ። እኔ ግን ያችን ሳቅ ዓመቱን ሙሉ ተሸክሜያት ዞርኩ።

ዋናው ጥበባቸው ገመዱ ላይ ነበር። ባንዲራው መውጣት የሚጀምረው መዝሙሩ ሲጀመር ነው፤ ጫፍ መድረስ ያለበት ደግሞ መዝሙሩ ሲያልቅ። ሲወራ ቀላል ነው። ልጆች ግን አንድ ቀን ፈጥነው ይዘምራሉ፣ አንድ ቀን ብርድ ይዟቸው ይጎትቱታል፣ በፈተና ሰሞን እንቅልፋቸው እየመጣ መሐሉ ላይ ይዝላሉ። ጋሽ ኪሮስ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ለልጆቹ ሰጥተው ገመዱን ይስባሉ። የመጨረሻው ቃል ሲያልቅ ባንዲራው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አይደርስም፣ ከዚያ በኋላም አይደርስም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጧት እንኳ ይሳሳቱ ይሆን ብዬ ጠብቄአለሁ። እውነቴን ነው፣ በየጧቱ ጠብቄአለሁ።

አንድ ሰኔ፣ የማጠቃለያ ፈተና ሰሞን፣ ማታ ባንዲራ ሲወርድ በረዶ ወረደ። ሽምብራ የሚያህል በረዶ። ተማሪው ተበተነ፤ መምህራኑም ወደ በረንዳው ሮጥን፣ እኔ ቀድሜ። ጋሽ ኪሮስ እዚያው ቀሩ። በረዶው ራሳቸውን እየደበደበው፣ ያንኑ እርምጃቸውን ሳይለውጡ ቀስ እያሉ አወረዱት፤ በክንዳቸው ተቀበሉት፤ በካፖርታቸው ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ቀና ብዬ ሳይ ወደ በረንዳ የሮጡት ተማሪዎች ተመልሰው በረዶው ውስጥ ቆመዋል። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ በማግስቱ ክፍል ገብቼ "በዝናብ ጊዜ ሰንደቅ ዓላማ እንዴት ይያዛል?" የሚለውን አርባ ደቂቃ አስተማርኩ። ሁለት ልጆች አንቀላፉ።

ፈተና ሳወጣ አንድ ጥያቄ አስገባሁ፦ ሰንደቅ ዓላማ በግማሽ ሲውለበለብ አሰቃቀሉን ግለጽ። መልሱ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ መካከል ዝቅ ይላል። አርባ ስምንት ወረቀት አረምኩ። አርባዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ "መጀመሪያ ጫፍ ወጥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚያ ወርዶ ያዝናል።" ሰላምታ የሚል ቃል እኔ በክፍል ውስጥ ወጥቶኝ አያውቅም። ከየት እንደመጣ አውቄአለሁ። ግማሽ ነጥብ ሰጠኋቸው። ተማሪዎቹ ሲያጉረመርሙ "አገላለጹ ትክክል አይደለም" አልኩ። አገላለጹ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ቅናቱ ትምህርት ቤት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ግን ቤቴም ገባ። ባለቤቴ ትርፌ የሰቆጣ ልጅ ናት፤ ቤታችን ውስጥ በስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። የእኛ ጉብታ ነፋስ ባንዲራውን ከዳር ይበጣጥሰዋል፤ የተቀደደ ባንዲራ ደግሞ አይሰቀልም። አዲስ እንዲላክ ጋሽ ኪሮስ በየዓመቱ ይጠይቃሉ፣ "ይመጣል" ይባላሉ፣ አይመጣም። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ቅዳሜ ከሰዓት ባንዲራውን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው እኛ ቤት ይመጣሉ።

"ደህና ዋልሽ ትርፌ። ነፋሱ ደግሞ በላው።"

"ይግቡ ጋሽ ኪሮስ፣ ይቀመጡ።"

አይቀመጡም። መጀመሪያ ጋቢያቸውን ከመኪናው ሥር ያነጥፋሉ፤ ባንዲራው ወለል እንዳይነካ። ከዚያ ያልተሰፋውን ጎን በሁለት ክንዳቸው አቅፈው፣ መኪናው እየሳበ ሲሄድ እየለቀቁ፣ እየለቀቁ ይቆማሉ። ትርፌ እኔ ስናገር ሬዲዮ ቀንሳ አታውቅም፤ እሳቸው ሲመጡ ግን ታጠፋዋለች። የተበጣጠሰውን ዳር በመቀስ ታስተካክለውና ጠርዙን አጥፋ ትሰፋዋለች። የተቆረጠውን ብጣሽ ጋሽ ኪሮስ አንድ ክር ሳያስቀሩ ለቅመው በመሐረብ ይቋጥሩታል፤ ወስደው በሥርዓት ያቃጥሉታል። ነፋሱ ሲጠናባቸው በኽምጣንጋ ይረግሙታል፤ ትርፌ ትስቃለች፤ እኔ ቋንቋውን ስለማልሰማ ደብተሬን እገልጣለሁ።

አንድ ቀን ከሄዱ በኋላ "ምን ይሉሻል?" አልኳት።

"ነፋሱን ነው የሚሰድቡት።"

"ለጨርቅ ይህን ያህል?"

ትርፌ ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ አዋጁን አይደል የምታውቅ? ጨርቅ ነው ይላል?" አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰች። "ደግሞ ምነው፣ በዘበኛ ትቀናለህ እንዴ?"

"በምናቸው ልቅና!" አልኩ። ጆሮዬ ግን ጋለ።

እኔ የምፈልገው ብዙ አልነበረም። እነዚያ ልጆች አንድ ጊዜ፣ አንድ ጧት፣ እሳቸውን እንደሚያዩ እኔን እንዲያዩኝ ነበር የምፈልገው። ገመዱ እጄ ቢገባ ይህ የሚሆን መሰለኝ።

አምናና ካቻምና ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መሰለኝ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን በከተማው አደባባይ በሚደረገው በዓል ላይ ባንዲራውን የሚሰቅለው ሰው ከእኛ ትምህርት ቤት እንዲሆን ተወሰነ። እንደ እኔ ሐሳብ ነገሩ ያለቀለት ነበር። የሥነ ዜጋ መምህር፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ አዋጁን በቃሉ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ልብሴን አስተኩሼ ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ "ይኼ እንኳ ውይይት አያስፈልገውም" ሲል ልነሳ ትንሽ ነው የቀረኝ። "ጋሽ ኪሮስ አሉልን" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ያን ቀን ማታ ተማሪው ከሄደ በኋላ ቢሮዬ ቆየሁ። አዋጁን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። የፈለግሁትን ነገር አውቀው ነበር፤ ማንበቤ ለይምሰል ነው። የሰንደቅ ዓላማው ወርድ የርዝመቱ ግማሽ መሆን አለበት። የእኛ ባንዲራ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ በትርፌ መቀስ ከዳሩ እየተቆረጠ፣ እየታጠፈ፣ እየተሰፋ ርዝመቱ ከወርዱ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰው ሁሉ በየቀኑ እያየው ስለነበር አላስተዋለውም። እኔ አስተውዬዋለሁ። ከዓመት በፊት ጀምሮ አስተውዬ ዝም ብዬ ነበር፤ ለምን እንደቆጠብኩት ያን ማታ ገባኝ።

ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለሚመለከተው ክፍል። ደረጃውን ያልጠበቀ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ እንደሆነ፣ ይህንንም የሚያደርገው የጥበቃ ሠራተኛው እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ሰው በአደባባይ ቢሰቅል ለከተማችን ነውር እንደሚሆን። ስሜን ጻፍኩ፤ ቀናተኛ ብሆን ፈሪ አይደለሁም ብዬ። ከታች ደግሞ "ስሜ በምስጢር ይያዝልኝ" የሚል ጨመርኩበት።

በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ባንዲራው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ጋሽ ኪሮስ ሰዎቹ የመጡበትን ጉዳይ ሲሰሙ የሜትሩን አንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙላቸው።

"ማን ነው የቆረጠው?" አለ አንደኛው።

"ነፋሱ።"

"ነፋስ መቀስ የለውም፣ አባቴ።"

"ነፋሱ ይበጣጥሳል፣ እኛ እናስተካክላለን። የተቀደደ አይሰቀልም አይደል ሕጉ?"

"ያጠረም አይሰቀልም።"

ጋሽ ኪሮስ ባንዲራውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ያን ጊዜ ገና ያስተዋሉት ይመስለኛል። እናት ልጇ እንደከሳባት በሰው አፍ ስትሰማ እንደምታየው አድርገው አዩት። "እውነት ነው፣ አጥሯል" አሉ። "አላወቅሁም ነበር። ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት።"

"የሰፋውስ ማን ነው?" አለ ሁለተኛው፣ ሊጽፍ ብዕሩን አዘጋጅቶ።

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። የሰፋችው ሚስቴ ናት፤ መኪናዋ ያለው ሳሎኔ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ደብዳቤውን ስጽፍ አንድ ጊዜም አላሰብኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ጋሽ ኪሮስ ወደ እኔ አላዩም። "እኔ ነኝ" አሉ። "በእጄ ነው የሰፋሁት።"

የመኪና ስፌት መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር። ሰውየው ግን ጻፈ። እኔም ዝም አልኩ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ያጠረው ባንዲራ እንዲወገድ፣ አዲስ እንዲሰጥ፣ የመስቀልና የማውረድ ኃላፊነት ለምክትል ርዕሰ መምህሩ እንዲተላለፍ፤ በበዓሉም ላይ እሱ እንዲሰቅል። ቤቴ ስገባ ትርፌ ሁሉን ሰምታለች። መኪናዋን ሸፍናዋለች።

"አንተ ነህ የጻፍከው" አለች። ጥያቄ አልነበረም።

"ሕግ ነው፣ ትርፌ።"

"መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የእኔንም ስም ጻፍከው?"

"አልጻፍኩም።"

"እሳቸውም አልተናገሩም" አለች። "እንግዲህ ሁለታችሁም እኩል ደበቃችሁኝ ማለት ነው?" ለብዙ ቀን ከአስፈላጊው ነገር በቀር አላነጋገረችኝም።

አዲሱ ባንዲራ በመጣ ማግስት ጧት ጋሽ ኪሮስ ቢሮዬ መጡ። ቆባቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ሰቆጣ ውስጥ ምስጢር ዕድሜዋ ከቢሮ እስከ ሻይ ቤት ነው፤ ሊሰድቡኝ የመጡ መሰለኝ፤ ቢሰድቡኝም ኖሮ በወደድኩ።

"እግዜር ይስጥህ፣ መምህር" አሉ።

"ለምኑ?"

"ለአዲሱ ነዋ። እኔ ሦስት ዓመት በአፌ ለመንኩ። አንተ በአንድ ወረቀት አመጣኸው። ፊደል ጥሩ ነገር ነው።"

ፊታቸውን በደንብ አየሁት። ሽሙጥ ፈለግሁበት። ቢኖር ኖሮ እቀልል ነበር። አልነበረም። "ምንም አይደለም" አልኳቸው። ለወርቁ ጠጠር መለስኩላቸው።

የበዓሉ ቀን አደባባዩ በሕዝብ ጢም ብሎ ነበር። መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ተጀመረ። እኔ ገመዱን ያዝኩ። እንዳልቸኩል ብዬ ቀስ አልኩ፤ በጣም ቀስ አልኩ። አንድ ጊዜ ቀና ስል መዝሙሩ ሊያልቅ ነው፣ ባንዲራው ደግሞ ገና መካከሉ ላይ ነው። ሳብ ሳብ ማድረግ ጀመርኩ። መዝሙሩ አለቀ። ፀጥ አለ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፀጥታ ውስጥ የሚሰማው ከላይ ገመዱ የሚዞርባት ትንሽ ጎማ ብቻ ነበረች፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ጫፍ እስኪደርስ አንድ ዓመት የሄደ መሰለኝ። ማንም አልሳቀብኝም። ተማሪዎቻችን አንገታቸውን ሰበሩ፤ ያፈሩት ለእኔ ነበር፣ እሱ ከሳቅ ይብሳል።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ጋሽ ኪሮስ ከሕዝቡ ውስጥ ወጥተው ከጎኔ መራመድ ጀመሩ። ለመመልከት መጥተው ኖሯል።

"አዲስ ገመድ ይይዛል" አሉ። "የአንተ ጥፋት አይደለም።"

እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ።

"ነገ ጧት ላሳይህ። ቀላል ነው። መዝሙሩን አትስማ፣ የልጆቹን ትንፋሽ ነው የምትሰማ። ትንፋሽ ሲወስዱ አንተም እጅህን ትቀይራለህ።"

"አመሰግናለሁ፣ አውቀዋለሁ" አልኩ።

አላውቀውም ነበር። አሁንም አላውቀውም። እሳቸው ደግሞ አንድ ጊዜ እምቢ ያላቸውን ሰው ሁለተኛ አይጠይቁም። "እሺ እንግዲህ" ብለው ወደ በራቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እኔ ገመድ ስስብ እሳቸው በር ላይ ይቆሙ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዙረው። የተማሪው ዓይን ግማሹ ባንዲራው ላይ ነው፣ ግማሹ በሩ ላይ። ገመዱን ወሰድኩባቸው እንጂ ዓይኑን አልወሰድኩም። አንዳንድ ቀን ባንዲራው መዝሙሩን ቀድሞ ይደርስና ልጆቹ ቆሞ ለሚጠብቅ ባንዲራ ይዘምራሉ፤ አንዳንድ ቀን ይዘገይና ያችው ጎማ ብቻዋን ትጮኻለች። ይህ ሲሆን ጋሽ ኪሮስ መሬት መሬት ያያሉ። እንዳላይ ብለው ነው። ያ እንኳ ያስቀናኝ ነበር፤ ማዘን የሚችሉበት መንገድ።

ጡረታቸው ደርሶ ወደ ጋዝጊብላ ሲገቡ የመሸኛ ዝግጅት ተደርጎላቸው ነበር። እኔ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ስብሰባ አልነበረም። ትርፌ ግን ሄደች፤ የሰፋችላቸውን እጀ ጠባብ ይዛ።

እንግዲህ ማክሰኞ ዜናው መጣ። ረቡዕ ጧት ተማሪው በሰልፍ ቆመ። ፊታቸው ሌላ ነበር፤ ሁሉም ሰምተዋል። ገመዱን ፈትቼ ባንዲራውን ላያይዝ ስል ምሕረት ከሰልፍ ወጣች። ምሕረት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የተማሪዎች ተወካይ ናት፤ ጎበዝ፣ የማትፈራ ልጅ።

"ቲቸር" አለች፣ "ዛሬ ለጋሽ ኪሮስ በግማሽ ይሰቀልልን።"

ርዕሰ መምህሩን አየሁት። "አንተ ታውቃለህ" ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። መምህራኑ ሁሉ እኔን ያያሉ። ከስድስት መቶ የማያንስ ልጅ እኔን ያያል። ስመኘው የኖርኩት ይኼ ነበር። እሺ ብል በአንድ ጧት የሁሉም ወዳጅ እሆን ነበር። ግን አዋጁ ግልጽ ነው፤ በግማሽ የሚውለበለበው መንግሥት ብሔራዊ ሐዘን ሲያውጅ ብቻ ነው። ይህን አውቃለሁ። ደግሞም፣ ልዋሽ አልችልም፣ እምቢ ማለቱ ጣፈጠኝ። ሞተውም እንኳ ባንዲራ ሊወርድላቸው! እምቢ ያልኩት ለሕጉ ይሁን ለቅናቴ ያን ጊዜ መለየት አልቻልኩም፤ ዛሬም አልለየሁትም።

"አይቻልም" አልኩ ጮክ ብዬ። "በግማሽ የሚውለበለበው ለአገር ሐዘን ነው። ለአንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይቻልም። ዘምሩ።"

ዘመሩ። ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ሊደርስ ክንድ ያህል ቀረው፤ በፀጥታው ውስጥ ሳብኩት። አሰርኩት። ከዚያ ዞርኩ። ሊጠሉኝ ነው ብዬ ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር።

ምሕረት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ልክ ነዎት ቲቸር" አለች። "ጋሽ ኪሮስ ራሳቸውም ቢሆኑ እምቢ ነበር የሚሉን።"

ከኋላዋ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህራኑም ነቀነቁ። "እውነቷን ነው" አለ ርዕሰ መምህሩ፣ "እሳቸው ያስተማሩት ነው።"

አዋጁ የእኔ ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ተጠልቼ ልወጣው የተዘጋጀሁበትን አንድ ትክክለኛ ሥራ እንኳ ሞተው ወሰዱብኝ። በዚህ ግቢ ውስጥ የእሳቸው ያልሆነ፣ የእኔ ብቻ የሆነ ምን አለ? አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሳላስበውም አፌ ተከፈተ።

"ስሙኝ" አልኩ። "ጋሽ ኪሮስ ገመዱን የተቀሙት በደብዳቤ ነው። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ሕጉ ብዬ አይደለም። ቀንቼባቸው ነው።"

ርዕሰ መምህሩ ወደ መሬት አየ። ምሕረት ግን አልደነገጠችም። የሚያሳዝን ሰው የምታጽናና መሰለች።

"እናውቃለን እኮ፣ ቲቸር" አለች ቀስ ብላ። "ያኔውኑ ነግረውናል። እኛ ስንናደድ በሩ ላይ ሰብስበውን፣ 'መምህር አበጀ ባይጽፍ ኖሮ ይኼ አዲሱ ባንዲራ አይመጣም ነበር፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ ክፍል ሲገባ ብድግ በሉለት' አሉን።"

እውነት ነው፤ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ክፍል ስገባ ይነሱልኝ ነበር። ለሌላ መምህር አይነሱም። ገመዱ ያመጣልኝ ክብር መስሎኝ፣ ለትርፌ ሳይቀር በኩራት ነግሬአት ነበር። ዝም ነበር ያለችኝ።

"ወደ ክፍል ግቡ" አልኩ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስምንተኛ ሀ ነበር፤ የእኔው። ተማሪው ገብቶ ካለቀ በኋላ ከበሩ ውጭ ጠመኔዬን ይዤ ቆምኩ። ለብዙ ጊዜ ቆምኩ። በመጨረሻ በሩን ገፋ ሳደርገው አርባ ስምንቱም ልጅ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።